ድምፅ ቃኚው ሞላና የእትዬ የሻረግ ዝምታ

አይ፣ እንዲህማ አንባባልም! «ማሽኑ ነው የሠራው፤ አንተ ማውዝ ነካ ነካ ከማድረግ ሌላ ምን ሠራህ?» ትሉኛላችሁ። እሺ። እርሻውንስ ያረሰው ማነው? በሬው ነው? እንግዲያው ገበሬውን ከነጅራፉ ቤቱ አስቀምጡትና በሬዎቹ ብቻቸውን ትልም ሲያወጡ እንያቸው። ሌላው ደግሞ ይነሣና «መዝፈን የማይችለውን ሁሉ ዘፋኝ እያስመሰልክ ሕዝብ ስታታልል ኖረሃል» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ማን መሰላችሁ? ጥቁሩን ጤፍ ከነጩ ቀላቅሎ ገበያ ላይ «ማኛ ነው» የሚል ሰውዬ!

አሁን ያለሁት ቁይ ነው፤ ወፍጮ ቤት። ሞላ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ «ሞላ ጆሮ» ነበር የሚሉኝ። ጆሮዬ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ትልቅ ነው፣ ግን ለእሱ ብለው አይደለም። ሥራዬ ድምፅ መቃኘት ነበር። ሰው ማይክ ላይ ይዘፍናል፣ ኮምፒዩተሩ ይቀዳል። ከዚያ እኔ የወረደውን ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ፣ የቸኮለውን ያዝ፣ የዘገየውን ገፋ አደርግና ዘፈን አስመስለዋለሁ። አስመስለዋለሁ አልኩ እንዴ? ዘፈን አደርገዋለሁ!

«ጡረታ ወጥቻለሁ» ስል ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ይስቃል። «ገና ጺምህ ሳይሸብት የምን ጡረታ ነው?» ይሉኛል። ወንድምዓለም፣ ጡረታ በጺም አይደለም። የኔ ጆሮ የሌላ ሰው ጆሮ በዕድሜ ልኩ የማይሰማውን ሰምቶ ጨርሷል። አሁንም ቢሆን አልቦዘነም። የወፍጮው ቺንጋ፣ ቀበቶው፣ ላላ ሲል ድምፁ ትንሽ ወረድ ይላል። ባለቤቱ አይሰማውም፤ እኔ ጤፍ እያወራረድኩ ሰምቼ ሄጄ አጠብቀዋለሁ። «ማን ነገረህ?» ይለኛል። «ወፍጮው ራሱ» እለዋለሁ።

ትምህርቴን ከጠየቃችሁኝ እስከ ስድስተኛ ነው። ስድስተኛን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ በጣም ስለወደድኩት። ከዚያ ደብረ ማርቆስ መነኻሪያው አጠገብ አንድ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ገባሁ። ከሚሊኒየሙ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሚሞሪ ካርዱን በጣቱ ይዞ እየመጣ «ሙላልኝ» የሚልበት ዘመን ነበር። እኔም ቀኑን ሙሉ እሞላለሁ። የሱቁ ባለቤት፣ የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ከሆነ ቦታ የድምፅ ማስተካከያውን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነ፤ አንድ ማይክ ገዛና «ስቱዲዮ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ።

ሰውየው ስለ ድምፅ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ማስተካከያውን የምታጠነክርበት አንድ ቁልፍ አለ። «ሞላ፣ እስከ ጥግ አዙረው!» ይለኛል። እኔም እስከ ጥግ። ወንዱም ሴቱም፣ ፎካሪውም አልቃሹም፣ ሁሉም ቆርቆሮ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው ደግሞ ይወደዋል! «እንደ ፈረንጅ አደረግከኝ» ብሎ ይመርቀኛል። ደሞዜ ለሻይና ለቤት ኪራይ እየተሻማ ይኖር ነበር፣ ስለሱ አላወራም። ስሜ ግን መነኻሪያውን አልፎ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው በር ላይ ቆመው የማስወጣውን ዘፈን ያዳምጣሉ።

«ይህንን ሰውዬ ጣሳ ውስጥ ያስገባው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«በል ነገ እኔ ዘንድ ና። ታወጣዋለህ።»

እኒህ ሰው የኔታ ይባቤ ናቸው። የኔታ የምላቸው መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን ሌላ መጥሪያ ከአፌ ጠፋ። ዲማ ገዳም ዜማ ሲማሩ ቆይተው፣ ሳይመረቁ ወጥተው፣ ሚስት አግብተው ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከሚስታቸው ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ግድግዳዋ በሙሉ የእንቁላል ትሪና አሮጌ ፍራሽ ነው፤ ድምፅ እንዳይመላለስ። ዶሮ ብትገባ ቤቷ የደረሰች መስሏት ትጥል ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። እኔ እንደለመድኩት ስክሪኑ ላይ ተደፋሁ። ድምፅ ስክሪኑ ላይ እንደ መስመር ሆኖ ይታያል፤ እየተጥመለመለ ይሄዳል። ከመስመሩ በላይና በታች የወጣውን እያየሁ እጎትታለሁ። የኔታ ጋቢያቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ጣል አደረጉት።

«የኔታ! እንዴት አድርጌ ልሥራ?»

«ጆሮ የለህም?»

«ሞልቶ!»

«እኮ። ዓይንህ ሌባ ነው፣ ጆሮህን ይሰርቀዋል። መጀመሪያ ስማ። ያመመው የቱ ጋ እንደሆነ ስታውቅ ጋቢውን እገልጥልሃለሁ።»

እንዲህ አድርገው አስተማሩኝ። ደግሞ ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ሰ» እና «ሸ» ከፍታም ዝቅታም የላቸውም፤ እነሱን ከጎተትክ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ የፈሰሰ ይመስል ይጮኻሉ፤ ስለዚህ ቆርጠህ ታልፋቸዋለህ። ቃል ስትገፋ ከመሐሉ አትነሣም፣ ከትንፋሹ ነው የምትነሣው። ትንፋሹን ራሱን ግን አትነካውም። እኔ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ሲሰማኝ ጠርጌ አወጣ ነበር። የኔታ ሰሙና «ሰውየው ሞቷል፤ ለቤተሰቡ ንገሩ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ትንፋሽ አልነካሁም።

ሌላው ነገር፣ ፕሮግራሙ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ሁለት ዓይነት ዜማ ነው የሚያውቀው፣ የደስታና የሐዘን። የኛን ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከየት ይወቀው? ለብቻው ከተውከው አንቺ ሆዬውን «ተሳስተሃል» ብሎ ያርመዋል። እኔ የማይፈለገውን ድምፅ እያጠፋሁ፣ የሚፈለገውን እያበራሁ ቅኝት ሠራሁለት። አንቺ ሆዬን ግን እንዲሁ በጆሮ ብቻ ነበር የምጎትተው። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን የሚችል ሰው ነበር ካላችሁ አምጡት! የኔታ ነበሩ፤ እሺ፣ ሁለት ነበርን።

ሁለት ልማድ ደግሞ ነበራቸው፤ ስቄባቸዋለሁ። አንዱ፣ ጥሬውን ድምፅ አያስጠፉም። ማንም ቢቀዳ፣ ምንም ቢሆን፣ ሳይነካ ላፕቶፑ ላይ «ዘር» በሚል ስም ይቀመጣል። «እህልህን ሁሉ ቆልተህ ብትበላ ለከርሞ ምን ትዘራለህ?» ይላሉ። ሁለተኛው ልማድ ይብሳል። የሠርግ ዘፈን ወይ ሌላ ተቀባይ ያለው ዘፈን ሲሆን፣ ልክ ነው ከማለታቸው በፊት ጎረቤት ይጠራሉ። ልብስ ሰፊው መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ ይመጣል፣ ሻይ ሻጯ ማንኪያዋን ይዛ ትመጣለች፣ ሁላችንም እያጨበጨብን እንቀበላለን። «ተቀብለህ ያልሰማኸውን አትቃኝ» ይሉኛል። እኔ ግን በልቤ «ሰውየው ጭፈራ አምሯቸው ነው» እል ነበር።

በዚህ ሁኔታ ስንት ሰው ዘፋኝ አደረግሁ መሰላችሁ። አንድ የድንች ነጋዴ ነበረ፤ ድምፁ የዛገ በር ነው። ለእሱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተቀምጬ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አቀናሁለት። ሰው ሲሰማው እንባው መጣ። ከዚያ ምን ሆነ፣ የልብ ልብ አግኝቶ አንድ ድግስ ላይ ማይክ ጨብጦ ቆመ። ከኋላ የኔን ሥራ ከፍተው እሱ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ግጥም ላይ መብራት ጠፋ። ሰውየው ግን አላቆመም! በራሱ ድምፅ ቀጠለ። የድግሱ ውሻ እንኳ ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ መጥቶ «መብራት ኃይል ቀናብኝ» አለኝ።

እንግዲህ የኔ ጉራ እዚህ ድረስ ነው። አሁን እትዬ የሻረግን ላምጣላችሁ።

እትዬ የሻረግ የደብረ ወርቅ ሴት ናቸው። በዚያ አካባቢ ሠርግ ያለ እሳቸው ሠርግ አይባልም፤ አቀንቃኝ ናቸው። እሳቸው ግጥሙን ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የሰውን ልጅ ሁሉ ዘፍነው ሸኝተው፣ ተራው ለራሳቸው ልጅ ለእናኑ ደረሰ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ግን አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበረባቸው፤ እያደገ መጥቶ መተንፈሻቸውን ይዞታል። ሐኪሙ ከፋሲካ በፊት ካልወጣ ብሏል። አክሎም «ድምፅዎ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አላቸው።

የቅበላ ሰሞን ነው ወደኛ የመጡት። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፦

«አያ ይባቤ፣ ቅቤውን ለፋሲካ እንደምናስቀምጠው ድምፄን አስቀምጡልኝ» አሉ። «የሰው ልጅ ስሸኝ ኖሬ የራሴን ልጅ በዝምታ አልሰድም። አንገቴን ይቁረጡት፤ ዘፈኑ ግን ያን ቀን ይኑር።»

የኔታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ይኖራል» አሉ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ «እትዬ፣ እንኳን የእርስዎን፣ የድንች ነጋዴም ድምፅ አስተካክለናል!» አልኳቸው።

ገላመጡኝ። «ይኼ ባለ ጆሮ ማነው?»

«ሥራ የሚሠራልን ነው» አሉ የኔታ።

«ሥራውን በጆሮው ይሥራ እንጂ፤ በአፉ የሚሠራ መስሎኝ።»

ማይኩ ፊት ሲቆሙ ግን ግጥሙ ጠፋቸው። የእንቁላል ትሪውን አዩ፣ ፍራሹን አዩ። «ለማን ነው የምዘፍነው? ተቀባይ በሌለበት?» አሉ። ተቀባይ አብረን እንቅዳ ብንል እምቢ አሉ፤ «ተቀባዩማ ያን ቀን ይመጣል፣ ሕዝቡ የት ይሄዳል?» ብለው። ያን ጊዜ የኔታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ መቀበል ጀመሩ፤ እጃቸውን ሳያጋጩ ያጨበጭባሉ። እትዬ የሻረግ የእሳቸውን ከንፈር እያዩ ዘፈኑ።

«ሳሳድግሽ ኖሬ እንደ ጓሮ ጽድ፣
ዛሬ ወጣሽ ልጄ በሰው ቤት መንገድ።
ሂጅ በደጄ፣ እሰይ ልጄ!»

እኔ ኮምፒዩተሩ ጋ ነኝ። ድምፃቸው መጨረሻ ላይ ሰበር ብሎ ይወርዳል፤ ከቅኝቱ በታች ትንሽ ይጠልቅና ይመለሳል። እልልታ ይመስለኛል፣ ልቅሶም ይመስለኛል። ከአንዱ ግጥም ወደ ሌላው ሲሄዱ የሚተዉት ዝምታ ደግሞ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው። መጨረሻ ላይ ይህን አወጡ፦

«አንገቴ ቢታሰር ድምፄ ቢሰወርም፣
ልጄን ሳልሸኛት ከደጃፌ አልቀርም።»

ከዚህ በኋላ በጣም ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ረሱት ብዬ ላስታውሳቸው ስል የኔታ በእጃቸው ከለከሉኝ። ከዚያ «ሂጅ በደጄ» አሉና ጨረሱ።

ዐቢይ ጾም ገባ። የኔታ በጾሙ ሥራ ዘግተው ዲማ ነው የሚከርሙት፤ የድሮ መምህራቸውን እያገለገሉ። ሲወጡ «ጥሬውን አትንካ። ሁለት ቦታ ጎርበጥ ያለ አለ፣ እሱን ብቻ አለስልስ። ከፋሲካ በኋላ ተቀብለን እንሰማዋለን» አሉኝ። እትዬ የሻረግ ሆስፒታል ገቡ። እኔ ከላፕቶፑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

እንግዲህ እኔን ታውቁኛላችሁ። ሁለት ቦታ ለማለስለስ ነው ሞላ የተፈጠረው? ለእትዬ የሻረግ ስጦታ ልሠራላቸው ተነሣሁ። ከሥር ከበሮ አስገባሁ፣ ኪቦርድ አስገባሁ፤ አዲስ አበባ የተሠራ ይመስላል። ከበሮው እኩል እኩል ይመታል፣ እሳቸው ግን እኩል አይመጡም። ስለዚህ ድምፃቸውን እየቆረጥኩ ከበሮው ላይ አስቀመጥኩት። የሰበሩትን ቀጥ አደረግኩ፣ የጠለቀውን አወጣሁ። ዝምታዎቹን ሁሉ በእኩል ለካኋቸው። ያንን የመጨረሻውን ረጅም ዝምታ «እንቅርቱ ትንፋሽ አሳጥቷቸው ነው» ብዬ ቆረጥኩት።

መቀበልስ? ትላላችሁ። ማን ይቀበል! ጾም ነው። በዐቢይ ጾም የሠርግ ዘፈን ከፍቶ የሚያጨበጭብ ደብረ ማርቆስ ላይ ማነው? ሻይ ሻጯን ብጠይቃት አማተበችብኝ። ልብስ ሰፊው ሙስሊም ነው፤ እሱን ለመንኩት። «ወላሂ ሞላ፣ እናንተ ስትጾሙ እኔ ብቻዬን ከስቱዲዮ ሳጨበጭብ ብሰማ ሰፈሩ ምን ይለኛል?» አለኝ። አንድ ተከራይ መምህር ነበር፣ ጴንጤ። «እኔ ዓለማዊ ዘፈን አልዘፍንም፤ ከፈለግህ እጸልይልሃለሁ» አለኝ። በመጨረሻ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ በዓይኔ ሠራሁት። ስክሪኑ ላይ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር! ሁሉም በየመስመሩ፣ እንደ ተሰለፈ ወታደር። ፋሲካ ሲገባ አንድ ጊዜ ተቀብለን እንስማው ማለት ነበረብኝ። ግን ፋሲካ ነዋ፤ አፌ ሥጋ ይዞ ነበር። የኔታም ከዲማ በቀጥታ ወደ ደብረ ወርቅ ነው የመጡት።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ሙሉ ነው። ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ጀርባ ይጮኻል፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር በሩ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እኔ የስቱዲዮውን ላፕቶፕ ዘርግቼ እንደ ዳኛ ተቀምጫለሁ። እትዬ የሻረግ ነጭ ለብሰው አንገታቸውን በሻሽ ጠምጥመዋል። ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ የላቸውም። ሁለት ጊዜ መጥተው በጆሮዬ «ይሠራል?» አሉኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ደብረ ወርቅ ሰምታ አታውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ እንዲያ ያለስ ሰምታ አታውቅም።

መውጫው ሰዓት ደረሰ። ሙሽራው የቁይ ልጅ ነው። ሰማዩ ከወዲያ ጠቁሯል፣ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ካልሄድን ብለው ሚዜዎቹ ይቸኩላሉ። እናኑ ተነሣች። እናትየው በሩ ላይ ቆሙ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ ከፈትኩት።

ከበሮው ዱም አለ። «ሳሳድግሽ ኖሬ» ሲል ሕዝቡ ጮኸ! እልል ብሎ ተቀበለ። ግን ሕዝብ ሲቀበል እንደ ኮምፒዩተር አይቀበልም። ያጨበጭባል፣ ይደጋግማል፣ እልልታው ይረዝማል። «እሰይ ልጄ» ገና ሳያልቅ ስፒከሩ ሁለተኛውን ግጥም ጀመረ። ሕዝቡ ተደናገረ፤ ግማሹ አቆመ፣ ግማሹ ቀጠለ። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ተላለፍን። ዘፈኑ ለብቻው ይሄዳል፣ ሰው ለብቻው ያጨበጭባል።

«ኧረ ሴትዮዋ ሰው አትጠብቅም እንዴ!» አለ አንድ ሽማግሌ።

እናኑ የራሷን ሻሽ ገለጥ አድርጋ ወደ ስፒከሩ ዞረች። «ማን ናት የምትዘፍነው?» አለች።

እናቷን አላወቀቻትም። እኔ ነኝ ቀጥ አድርጌ፣ አብለጭልጬ፣ ሌላ ሴት ያደረግኳቸው። እትዬ የሻረግ ሰሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ «እኔ ነኝ» ሊሉ ነው። ምንም አልወጣም። እጃቸው ወደ ሻሹ ሄደ።

ዘፈኑን አጠፋሁት። የጄኔሬተሩ ጩኸት ብቻ ቀረ።

«በቃ፣ ሌላ ዘፈን ክፈትና እንውጣ፣ ዝናቡ መጣ!» አለ አንዱ ሚዜ።

ሌላ ዘፈን ብከፍት አለቀ። ሙሽራ አንዴ ከደጅ ከወጣች ለሽኝት አትመለስም። እትዬ የሻረግ ያንን ሁሉ የሰው ልጅ ሸኝተው የራሳቸውን በዝምታ ሰደዱ ማለት ነው። «ዘር» የሚለውን ፈልጌ ጥሬውን አወጣሁ። ጎርባጣው፣ ከበሮ የሌለው፣ ትንፋሹ የሚሰማው። ግን እሱም ቢሆን ያን ቀን ብቻውን አይበቃም፤ የሕዝቡ አቀባበል የኔታ በከንፈራቸው ከተቀበሉት ይረዝማል። ስለዚህ ግጥሙ ባለቀ ቁጥር ማቆሚያውን ልጫን፣ ሕዝቡ ሲጨርስ እንደገና ልጫን ብዬ ወሰንኩ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ መስመሩን እየጠበቅሁ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግኩ።

ጋቢ መጣና ስክሪኑ ላይ አረፈ።

ቀና ስል የኔታ ናቸው። አልተቆጡም። «እሱን ምን ታየዋለህ? እሳቸውን እያቸው እንጂ» አሉኝ።

አየኋቸው። እትዬ የሻረግም አዩኝ። ገባቸው መሰለኝ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ግጥም ሲያወጡ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያደርጉት። ቁልፉን ተጫንኩ።

«ሳሳድግሽ ኖሬ...» የገዛ ድምፃቸው ወጣ። መጨረሻው ላይ ሰበር አለ፣ ጠለቀ፣ ተመለሰ።

«እማዬ!» አለች እናኑ።

ሕዝቡ ተቀበለ። እኔ አቆምኩ። እጃቸው ወርዷል። ሕዝቡ ደገመ፣ ሠለሰ፤ እጃቸው አሁንም እንደወረደ ነው። ሲነሣ ተጫንኩ። ሁለተኛው ወጣ። እንደገና ወረደ፣ አቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ማን ዘፋኝ፣ ማን ተጫኝ እንደሆነ ጠፋኝ፤ ክንዳቸው ሲነሣ ጣቴ አብሮ ይወርዳል። ከንፈራቸው ከግጥሙ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከኋላ የነበረ ሰው ሴትዮዋ የሚዘፍኑ ነው የመሰለው። ሚዜዎቹም ዝናቡን ረስተው ያጨበጭባሉ።

ከዚያ የመጨረሻው መጣ። «አንገቴ ቢታሰር ድምፄ ቢሰወርም፣ ልጄን ሳልሸኛት ከደጃፌ አልቀርም።»

ሰው ሁሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ሻሽ አየ። ምን ልበላችሁ፤ እንዲያ ያለ እልልታ እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ስፒከሬን ዋጠው። ሴቶቹ እልል እያሉ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን መሬት ይመታሉ። እኔ ጣቴን ይዤ እጠብቃለሁ። የእትዬ የሻረግ እጅ አይነሣም። እናኑ ሮጣ አንገታቸው ሥር ገባች፤ እጃቸው እሷን አቅፏል። ያኔ ነው የገባኝ። በቅበላ ሰሞን፣ እንቁላል ትሪ ፊት ቆመው፣ ዝም ያሉት ለዚህ ነበር። ይህንን ሁሉ ሰው፣ ይህንን እልልታ ያን ጊዜ በልባቸው ሰምተው ቦታ ትተውለታል። እኔ ነኝ ባዶ መስሎኝ በመቀስ የሄድኩበት።

በመጨረሻ ልጃቸውን ለቀቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እጃቸው ተነሣ።

«ሂጅ በደጄ» አለ ድምፃቸው። እናኑ ወጣች። ዝናቡም አብሮ ወረደ፤ ሚዜዎቹ እስከ ቁይ ድረስ ሰደቡኝ አሉ።

እትዬ የሻረግ ማታውኑ አጠገቤ መጥተው በሹክሹክታ «አንተ ባለ ጆሮ፣ የፊተኛዋን ሴትዮ ከየት አመጣሃት?» አሉኝ። «የአዲስ አበባ ዘመድዎ ናት» አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳቁ ድምፅ ባይኖረውም ትከሻቸው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ድምፃቸው እያደር መጣ፣ ሻከር ብሎ። ለመዝፈን አይሆንም፣ ለመሳደብ ግን ይበቃል። እናኑን ሊጠይቁ ቁይ ሲመጡ ወፍጮ ቤቱ ጎራ ብለው ሁልጊዜ ያሳዩኛል።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራሁ፣ ብዙ ድምፅ ቃኘሁ። ጎረቤት ሳልጠራ ግን ምንም አልጨረስኩም፤ በጾም የመጣውንም ፋሲካ ድረስ አቆይ ነበር። በኋላ ስልኩ ሁሉ ራሱ የሚያቃና ሆነ፤ ልጁ ሜዳ ላይ ዘፍኖ እዚያው ጣሳ ውስጥ ይገባል። የኔታም ስቱዲዮውን ዘግተው ዲማ ገቡ፤ ለተማሪዎች ዜማ ያስቀጽላሉ። ጋቢያቸውን ለኔ ተዉልኝ። ወፍጮ ቤት ነጭ ጋቢ መልበስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዱቄቱ አይታይም።

አሁን «ማውዝ ነካ ነካ» የምትሉኝ ሰዎች ስሙ። ማውዝ አይደለም፣ ያን ቀን አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የነካሁት። ካላመናችሁ እናኑ እዚሁ ቁይ ናት፣ ሂዱና ጠይቋት። ካልራቃችሁም ደብረ ወርቅ ውጡ፤ ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው አይጠፋም። «ያን ቀን ሙሽራዋን ዘፍኖ የሸኛት ማነው?» በሏቸው። «ሞላ ነው» ካሏችሁ ኑና ውሸታም በሉኝ፣ ጤፋችሁንም በነጻ እፈጫለሁ። «ማን ይሆናል፣ እናቷ ናት እንጂ!» ካሏችሁ ግን፣ በሉ እንግዲህ አፋችሁን ዘግታችሁ ወረፋችሁን ያዙ።